በ80 ሺህ ብር ጌሚንግ ፒሲ፦ ልግዛ ወይስ ልገጣጥም?

ናቲ_ጉለሌ
ሰላም ቤተሰብ። እንደምንም 80 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ። ሞኒተር (1080ፒ)፣ ኪቦርድና ማውስ አለኝ። የምጫወተው ጂቲኤ 5፣ ኢፉትቦልና ቫሎራንት ነው። አንድ ሱቅ «ሙሉ ጌሚንግ ፒሲ» ብለው ኮር አይ7 4770 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲ 730 ግራፊክስ ያለው አሳዩኝ። ካሳው (ዕቃዎቹ የሚገቡበት ሳጥን) መስታወት ነው፣ መብራቱ ልብ ይሰርቃል። 75 ሺህ አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ዕቃውን ለየብቻ ገዝተህ ገጣጥም» ይላል። እኔ ግን ገጥሜ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቴክኒሻኑ
ወንድሜ፣ ሊሸጡልህ የፈለጉት መብራቱን ነው። አይ7 የሚለው አያታልልህ፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ። 4770 በ4 ስለሚጀምር አራተኛ ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ። ጂቲ 730ም በዓመቱ የመጣ ነው። ፊልም ታይበታለህ፣ ለጌም ግን ጉልበት የለውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደህንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይከፈትም። ስለዚህ ያን ተወው።

እኔ ብሆን ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 እገዛለሁ። አይ5 8500 ያለውን። ከዚያ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ። ለጠራሃቸው ጌሞች ይበቃል።

ሳሚ_ዋት
ቴክኒሻኑ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለ። እነዚህ ማሽኖች በትልቅም በቀጭንም ካሳ ይመጣሉ። ቀጭኑን እንዳትገዛ! አጭር ካርድ ካልሆነ አይገባበትም። ትልቁን፣ ታወር የሚባለውን ውሰድ።

ፓወር ሰፕላዩንም (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) እይ። ጎኑ ላይ ዋቱ ተጽፏል፤ የዴሉ ታወር አብዛኛውን ጊዜ 260 ዋት ነው። በሱ የሚሠራው 75 ዋት ገደማ የሚበላና ኃይሉን ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ሰሌዳ) ብቻ የሚወስድ ካርድ ነው። 1650 ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ገመድ ይፈልጋል፣ እሱን አትግዛ። «በኋላ ፓወሩን ቀይሬ ትልቅ ካርድ አስገባለሁ» ብለህም አታስብ። የዴል ማዘርቦርድ መሰኪያ ገበያ ላይ ካለው ባለ 24 ፒን ጋር አይገጥምም።

ሩት_ጂ
ለዚህ እኮ ነው መገጣጠም የሚሻለው። ዴሉን ከገዛህ 1650 ላይ ቆመህ ቀረህ።

ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር ግዛ። ግራፊክሱ ውስጡ ስላለ ለጊዜው ካርድ አያስፈልግህም። ኢፉትቦልና ቫሎራንት በደንብ ያጫውትሃል፣ ጂቲኤ 5ንም ጥራቱን ዝቅ ካደረግከው። ራሙን ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርገው። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ፓወሩን 500 ዋት ከታወቀ ብራንድ ግዛ። ብር ስታገኝ አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ትሰካለህ፣ አለቀ።

ማዘርቦርዱ ቢ450 ከሆነ ግን ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው በውስጡ ያለ ፕሮግራም) አዲስ መሆኑን ጠይቅ። አሮጌ ከሆነ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ስንቱ «ተቃጠለ» ብሎ መልሶታል።

የዱባዩ
የሚመጣ ዘመድ ካለህ ከዚህ ከዱባይ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ብቻ አስመጣ። ቀላል ናቸው። ካሳና ፓወር ከባድ ስለሆነ እዚያው ግዛ። ዋስትናው ግን አዲስ አበባ ድረስ እንደማይከተልህ እወቅ። አርኤክስ 580 የሚያቀርብልህ ካለ 2048ኤስፒ የሚባለው እንዳይሆን፤ ስሙ 580 ነው እንጂ አቅሙ ያነሰ ነው።

ናቲ_ጉለሌ
በጣም አመሰግናለሁ። የሩት ሐሳብ ገዝቶኛል። ግን ስገጥም ባበላሸውስ? እጄ ከባድ ነው 😅

ሩት_ጂ
ሁሉም ነገር የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የሚያስፈራው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሥሩ ቀጫጭን ፒኖች አሉት። ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አግጥም፣ ዘንጉን አንሳና ዝም ብለህ አስቀምጠው። በራሱ ይገባል። ከተጫንከው ፒኑ ይጣመማል። ካልደፈርክ የሸጠልህን ሱቅ ግጠሙልኝ በላቸው፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ከገዛህ እምቢ አይሉህም።

ቴክኒሻኑ
እሺ፣ ሩት አሸነፈች። እኔ የማክለው ለካርዱ ነው፣ ያገለገለ ስትገዛ። ሳይሰካ ብር አትክፈል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ የራሱ ባዮስ ተቀይሮ ሌላ ስም የተሰጠው ሐሰተኛ ካርድ ብዙውን ጊዜ ታጋልጣለች። ከዚያ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ከፍተህ 15 ደቂቃ አስኪደው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከመጣ ወይም ማሽኑ ከጠፋ ተሰናበታቸው። 1050 ቲአይ ብለው ከኋላው ሰማያዊ ቪጂኤ መሰኪያ ያለው ከሰጡህም ጠርጥር።

ሳሚ_ዋት
ከ80 ሺሁ ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አስቀር። ባይሆንልህ እንኳን መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቅ። ዕቃ የሚፈጀው ሲመለስ ነው።

ናቲ_ጉለሌ
በቃ 5600ጂ፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ 500 ዋት። ካርዱ ለፋሲካ። ሩት፣ ኤስኤስዲው (ጌሞቹ የሚቀመጡበት) 500 ጊጋ ይበቃል?

ሩት_ጂ
ጂቲኤ ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ ይወስዳል። ብሩ ከደረሰልህ 1 ቴራ አድርገው፤ ለሱ ስትል ካሳውን ያለመብራት ግዛ።