ዱላ ይዞ የሚቆመው ሰውዬ ምንድን ነው የሚሠራው? ሃይቲንክን የምታውቁ

የአምስተርዳሟ

ሰላም ወገኖች። እዚህ አምስተርዳም ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያን ነው የምንከባከበው። አንዷ የ86 ዓመት እናት ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉራቸውን ሳበጥር "ያቺን ሸክላ አድርጊልኝ" ይሉኛል። ሁሌ ያቺኑ። የሽፋኑ ጥግ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ላዩ ላይ በርናርድ ሃይቲንክ የሚል ስም አለ። ባለፈው ሳምንት እየሰሙ እንባቸው መጣ። "ዘፋኝ ነው እንዴ?" ስላቸው ሳቁብኝ። የኦርኬስትራ መሪ ነው አሉኝ።

ማታ ዩቲዩብ ላይ አየሁት። ሰውዬው ምንም አይጫወትም! ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቀጭን ዱላ ይዞ ይቆማል። እጁን እንኳን ብዙም አያወናጭፍም። ታዲያ ስሙ ከተጫዋቾቹ ሁሉ በልጦ የሚጻፈው ምን ሠርቶ ነው? እኔ የማውቀው ዘፋኝና ባንድ ነው፣ እንዳትስቁብኝ።

የኋላ ወንበር

ማን ይስቅብሻል እህቴ። እኔም ቫዮሊን ተምሬ መጨረሻው ወንበር ላይ እስክቀመጥ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ሰማንያ ሰው መድረክ ላይ ሲቀመጥ ከኋላ ያለው ቀንደ መለከት የፊቱን ቫዮሊን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። በጆሮ ብቻ እንሂድ ቢሉ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚያየው አንድ እጅ ያስፈልጋል። ማኅሌት ላይ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገር ሁሉም ከበሮ መቺውን እንደሚጠብቀው በይው። ዋናው ሥራ ግን ቀድሞ ልምምድ ላይ ያልቃል። የቱ ይጉላ፣ የቱ ይለዝብ፣ የት ላይ ትንፋሽ ይወሰድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

መጥፎ መሪ ምን እንደሆነ ደግሞ እኔን ጠይቂኝ። የኛው (ስሙን ልተወው) ዝንብ የሚያባርር ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን በምልክቱ ተሳስቼ ብቻዬን ቀድሜ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የሚሰማው ግን አንድ ቫዮሊን ነው። የኔው!

ሃይቲንክን የምወደው ለዚህ ነው። እሱም ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፣ በሆላንድ ሬዲዮ ኦርኬስትራ ውስጥ። በ1929 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው) እዚያው አምስተርዳም ነው የተወለደው። በ1956 ጁሊኒ የሚባለው ጣሊያናዊ መሪ መምጣት ሲያቅተው የ27 ዓመቱን ልጅ በሱ ቦታ ኮንሰርትኸባው በሚባለው በአምስተርዳሙ ትልቅ ኦርኬስትራ ፊት አቆሙት። (በ"ገ" ብትጠሪው እናትየዋ ያርሙሻል።) በ1959 ደግሞ የኦርኬስትራው ዋና መሪ ቫን ቤይኑም ልምምድ ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። በ30 ዓመቱ ኃላፊነቱ እሱ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ላይ ዮኹም የሚባል ጀርመናዊ አንጋፋ አብሮት ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1988 ድረስ ቤቱ የሱ ሆነ።

ዓይን አፋር ነበር፣ ንግግርም አይወድም። ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ድጎማ ሊቀንስ ሆነና 23 ተጫዋቾች ሊባረሩ ነው ተባለ። ያ ዝምተኛ ሰው "እነሱ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ" የሚል አቋም ያዘ። ነገሩ በስምምነት አለቀ። ለኔ ከሸክላዎቹ ሁሉ ይቺ ትበልጣለች። ለኋላ ወንበር ሰው ሥራውን የሚያስይዝ አለቃ ስንቶቻችን አይተናል?

ጉደኛው

ሁሉም ግን አላጨበጨበለትም። በኖቬምበር 1969 እሱ እየመራ ሳለ ወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች አዳራሹ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል መጫወቻ ይዘው ረበሹ። ኦርኬስትራው የዘመኑን ሙዚቃ አይጫወትም ብለው ነው። ራሳቸውን "ኖተን ሰባሪዎች" አሉ። በደች ኖተን ማለት ለውዝም ኖታም ስለሆነ ቃል ጨዋታ መሆኑ ነው። ጎትተው አስወጧቸው። ከነሱ አንዱ ሉዊ አንድሪሰን በኋላ የአገሪቱ ስመ ጥር የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። እኔ ለነሱም አደላለሁ።

ሎንዶኔ

ኦፔራውን (በዘፈን የሚተወነውን ቲያትር) ረሳችሁት እኮ! ከ1978 እስከ 1988 ግላይንድቦርንን መርቷል። ሰዉ ሱፍና ረጅም ቀሚስ ለብሶ በዕረፍት ሰዓት ሣር ላይ ምሳ ዕቃውን የሚፈታበት የእንግሊዝ ገጠር ኦፔራ ቤት ነው፤ አጥሩ ማዶ በግ ይግጣል። ከ1987 እስከ 2002 ደግሞ እዚህ ለንደን ኮቨንት ጋርደን የሚባለው ኦፔራ ቤት ነበር። እዚያም ያው ነው፣ በ1998 ቤቱ ለአንድ ዓመት ይዘጋ ሲባል መልቀቂያ አስገባ፣ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ኦፔራ ላይ መሪው ከነኦርኬስትራው ከመድረኩ ፊት ባለ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቆም ሕዝቡ ፀጉሩን ብቻ ነው የሚያየው። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ጥሩ ሥራ ነው።

የኋላ ወንበር

ልክ ነህ። አንቺ፣ ሸክላዋ ግን የቷ ናት? እንባቸው የመጣውስ የት ጋ ነው?

የአምስተርዳሟ

ብሩክነር፣ 7ኛ ይላል። እንባው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ነሐሶቹ ዝቅ ብለው ሲገቡ።

የኋላ ወንበር

በይ ስሚ። ብሩክነር የኦስትሪያ የሙዚቃ ደራሲ ነው፣ 7ኛ ያልሽው ሰባተኛ ሲምፎኒው (ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ) ነው። ያንን ክፍል ሲጽፍ የሚያመልከው ጀርመናዊ ደራሲ ቫግነር ሊሞት እንደሆነ ተሰምቶት ነበር። በ1883 እውነትም ሞተ። የሰማሻቸው ዝቅ ያሉ ድምፆች አራት ቫግነር ቱባዎች ናቸው፣ በቫግነር ስም የሚጠሩ የነሐስ መሣሪያዎች። የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው።

ሃይቲንክ አምስተርዳም ላይ የተሰናበተውም በዚሁ ሲምፎኒ ነው፣ ሰኔ 2019፣ በ90 ዓመቱ። ያኔ የመራው ድሮ ቫዮሊን ይጫወትበት የነበረውን የሬዲዮውን ኦርኬስትራ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ሄዶ ያንኑ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ደገመና ዱላውን አስቀመጠ። በ2021 ለንደን ቤቱ ውስጥ ዐረፈ።

የአምስተርዳሟ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። የ2019ኙን ጠየቅኳቸው፣ በሬዲዮ ሰምተውታል። ሌላ ልጠይቅ ስል ጣታቸውን አነሱ። ያ ቦታ እየመጣ ነበር። ማበጠሪያውንም አቁሚ አሉኝ።