«ጎፍማን» ነው «ሆፍማን»? «የቤተ መንግሥት ሰው» ማለትስ ያስኬዳል?

ፊደለ ወርቅ፦
ሰላም ለቤቱ። በምተረጉመው የአንድ ጀርመናዊ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ፦ «ከካዛኽስታን ሲመለሱ ጎፍማን የነበረው ስማቸው ሆፍማን ሆነ።» አንባቢ ሁለት ቤተሰብ እንዳይመስለው በመጽሐፉ ሁሉ አንዱን ልያዝ? ትርጉሙንስ በግርጌ «የቤተ መንግሥት ሰው» ልበል? መዝገበ ቃላቱ «ሆፍ»ን ግቢም ቤተ መንግሥትም ይለዋል።

መሪጌታ ዘሸዋ፦
ቤተ መንግሥት አትበል። ሆፍ ዐጸድ ነው። በግዕዙ 83ኛ መዝሙር «አዕጻዲከ» የምንለውን፣ በአማርኛው «በአደባባዮችህ» የተባለውን፣ ሉተር የተረጎመው «ፎርሆፍ» በሚል ቃል ነው። ዐጸድ የታጠረ ቦታ ነው። ንጉሥ ይኑርበት ገበሬ ከቃሉ አይታወቅም።

የኮሎኝ ልጅ፦
መሪጌታ ልክ ነዎት፤ ለዛሬ አንባቢ ግን «ግቢ» ይሻላል። የማንንም ሰው ቅጥር ግቢ እንላለን፣ የንጉሡንም ግቢ እንላለን። ሆፍም እንዲሁ ነው፤ የገበሬው ቤት፣ ጋጣው፣ ጎተራውና መሀል ያለው ክፍት ቦታ አንድ ላይ ሆፍ ይባላል፣ የመስፍኑ መኖሪያም ሆፍ ነው። የቤተሰብ ስም የሆነው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ በጌታ ርስት ላይ ተቀምጦ የሚያርስ ሰው። በእኛ አነጋገር ጭሰኛ።

መሪጌታ ዘሸዋ፦
ጭሰኛ አልቀበልም። በቱሪንገን፣ በሳክሰንና በሽሌዚየን ሆፍማን የርስቱ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሌላው አገር «ማየር» የሚለው ሹም ማለት ነው። ይህ ምስለኔ ይባላል እንጂ ጭሰኛ አይባልም።

ሰዋስው፦
ሁላችሁም ሁለቱን «ፍ» ዘለላችኋቸው። «ሆፍ» በአንድ ነው የሚጻፈው፣ «ሆፈን» ማለትም ተስፋ ማድረግ ግን በሁለት። እኔ «የተስፋ ሰው» ነው የምለው። ሆፍ ራሱም ከእኛ «ኆኅት» ጋር ሳይዛመድ አይቀርም፤ በርና ግቢ መቼ ይለያያሉ?

የኮሎኝ ልጅ፦
ኆኅት አያስኬድም። የጀርመንኛ የቃል መነሻ «ሀ» ጥንት «ከ» ነበረ፤ የላቲኑ «ኬንቱም» በጀርመንኛ «ሁንደርት»፣ «ካኒስ» ደግሞ «ሁንድ» ነው። ስለዚህ ለሆፍ ዘመድ የሚፈለገው በ«ከ» ከሚጀምሩት ቃላት ዘንድ ነው፣ በኀ አይደለም።

ሁለቱ «ፍ»ም ተስፋን አያመጡም። የእኛ ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም፤ ጀርመኖች ተነባቢ የሚደግሙት ግን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው። የ«ሆፍ» «ኦ» በመካከለኛው ዘመን አጭር ነበረ። ብቻውን ሲቆም ኋላ ረዘመ፣ በስሙ ውስጥ ግን አጭር ሆኖ ቀረና ጸሐፊዎች «ፍ»ን ደገሙት። በባየርንና በፍራንከን በአንድ «ፍ» መጻፉ ይበዛል፤ ወደ መካከለኛውና ወደ ሰሜኑ ሁለቱ ይበዛሉ። በቆላማው ጀርመንኛ አገር ደግሞ ወንድሙን «ሃፈማን»ን ታገኛለህ።

«የተስፋ ሰው» ላይ በሩን ክፍት የምተውለት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዮሴፍ 2ኛ በ1787 (እ.ኤ.አ.) በሀብስቡርግ ግዛት ያሉ አይሁድ የጀርመንኛ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘ፣ ሆፍማንም ከተያዙት ስሞች አንዱ ነው። ስሙን ራሱ የመረጠ ሰው ምን አስቦ እንደመረጠ ከሥርወ ቃል አይገኝም።

ዘቮልጋ፦
ወደ ጎፍማን ልመልሳችሁ። የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን 2ኛ በሐምሌ 1763 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው አዋጅ ለሰፋሪዎች እስከ 30 ዓመት ከግብር፣ ለዘለዓለም ደግሞ ከውትድርና ነፃነት ሰጠች። በተለይ ከሄሰንና ከፕፋልዝ ብዙ ሰው ተነሣ፤ ከሉቤክ በመርከብ በሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ወዳለው ኦራንየንባውም፣ ከዚያ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወዳለው ሳራቶቭ። በ1766 ኦራንየንባውም ላይ የገቡትን የመዘገበው የኩልበርግ ዝርዝር የተጻፈው በሩሲያኛ ነው። ሩሲያኛ ለ«ሀ» የራሱ ፊደል የለውም። ያን ጊዜ የመረጡለት «ገ»ን ነው፤ በስላቮንኛ የቤተ ክርስቲያን ንባብ «ገ» ለስልሶ ወደ «ሀ» ይጠጋ ነበርና። ገጣሚው ሃይነ «ጌይነ» የተባለው፣ ሃይደልበርግም «ጌይደልበርግ» የሆነው በዚሁ ነው። «ፍ»ም አንድ ብቻ ሆኖ ገባ።

ችግሩ ሲመለሱ ነው። በ1874 የውትድርናው ነፃነት ሲሻር ከፊሉ ወደ ካንሳስና ወደ አርጀንቲና ሄደ። የቀሩትን ነሐሴ 28 ቀን 1941 የወጣው አዋጅ ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛኽስታን አጋዛቸው። ዘሮቻቸው ጀርመን ሲገቡ የተፈናቃዮች ሕግ አንቀጽ 94 በሩሲያ ልማድ ከስም ቀጥሎ የሚጨመረውን የአባት ስም እንዲጥሉና ስማቸውን በጀርመንኛ መልክ እንዲይዙ ይፈቅዳል። ነገር ግን «ጎፍማን»ን ብቻ የያዘ ሰው መነሻው በአንድ «ፍ» ይሁን በሁለት አያውቅም። «ጋርትማን» ሲሆንማ ሃርትማን ይሁን ጋርትማን እንኳ አይለይም። ስለዚህ በቅድሚያ ቅኝ መንደሩን ከሩሲያኛው መዝገብ ያገኛል፤ የቮልጋ ጀርመኖች መዝገብ ቤት ያለው ኤንገልስ ከተማ ነው። ከዚያ በጀርመንኛ የተጻፈውን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ይፈልጋል። በመጨረሻ የሄሰኑን ደብር መዝገብ በሁለቱም አጻጻፍ ያያል። በአንዱ ብቻ የፈለገ ግማሹን መዝገብ ዘሎታል።

ለፊደለ ወርቅ፦ በሩሲያ ምዕራፎች ጎፍማን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ሆፍማን በል። አንድ አድርገህ ከጻፍከው አንቀጽ 94 ምን እንደለወጠ አይታይም።

ሰዋስው፦
አሜሪካ የሄዱትሳ? «ሃፍማን» የሚባሉ አሉ።

ዘቮልጋ፦
በ1714 ከዚገን አካባቢ ተነሥተው ቨርጂኒያ ጀርማና ከሰፈሩት መካከል ሆፍማን አለ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ በጆሮው የሰማውን ይጽፍ ነበር፤ አጭሩ «ኦ» ለእሱ ወደ «አ» ቀረበ፣ የመጨረሻው ድርብ «ን»ም አንድ ሆነ። በቨርጂኒያ መዝገብ ስትፈልግ በሁለቱም ፈልግ።

መሪጌታ ዘሸዋ፦
ሁሉም መልካም፤ ምስለኔውን ግን አለፋችሁት። ምስለኔ «እኔን የሚመስል» ማለት ነው፤ ጌታው በሌለበት በጌታው ቦታ የሚቆም። የሽሌዚየኑ ሆፍማን ሥራ ይኸው ነው።

የኮሎኝ ልጅ፦
ለሽሌዚየን እሺ፣ መሪጌታ። ለሄሰኑ አራሽ ግን አይሆንም፤ እሱ በማንም ቦታ አልቆመም።

መሪጌታ ዘሸዋ፦
እንኪያስ በግርጌ ማስታወሻው ሁለቱም ይግቡ፣ ምስለኔው ግን ይቅደም።

የኮሎኝ ልጅ፦
የዚህ ቤተሰብ መነሻ ሄሰን ከሆነ ጭሰኛው ነው የሚቀድመው።