የሻንሲ ሥር መብራት፦ ከመንገድ ይታገድ ወይስ ማጥፊያው ይበቃል?

ዳገት ወጪ፦
ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ይህ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ በሌሊት ለመንዳት ሻንሲ ሥርና ፓራፋንጎ ውስጥ የሚገጠሙ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች በዝተዋል። የተገጠሙባቸው መኪኖች ግን ዘወትር ድንጋይ ላይ አይውሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን «ቢጠፋም እንኳ የተገጠመበት መኪና ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ አይውጣ» ይላል። ሌላው «ማጥፊያ ካለው ምን ችግር አለው» ይላል።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። መግጠሙ ይፈቀድ። መንገድ ላይ ማብራቱ ግን ያለ ልዩነት ይከልከል፤ ክልከላውንም የሾፌሩ ጨዋነት ሳይሆን የሽቦው አዘረጋግ ያስከብረው።

መግጠሙን የምደግፈው ለጌጥ አይደለም። መኪናው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አፍንጫው ቀና ይልና የግንባር መብራቱ ሰማይ ያበራል። ሾፌሩ ከጎማው ፊት ያለውን ድንጋይ ማየት ያለበት ልክ ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከፓራውልቱ በታች ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከፊት ቆሞ በእጁ የሚመራው ጠቋሚ ከሾፌሩም የባሰ ችግር አለበት፤ የግንባር መብራቱ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ ጎማውንም ዲፈረንሻሉንም (በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወደ ታች የወጣውን የማርሽ ቤት) አያይም። የሥር መብራት ካለ የግንባሩን ማጥፋት ይቻላል፤ ጠቋሚውም በዲፈረንሻሉና በድንጋዩ መካከል ስንት ጣት እንደቀረ አይቶ ይናገራል። ሰው ሁለት ቶን ከሚመዝን መኪና ፊት እንዲቆም የምናደርግ ከሆነ፣ እንዲያይ ማድረግም ግዴታችን ነው።

ሳይክለኛው፦
ስለ ድንጋዩ የተባለውን አልከራከርም። እኔ ያለሁት አስፋልቱ ላይ ነው፤ በሌሊት፣ በሁለት ጎማ። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የማውቀው በመብራቱ ብቻ ነው። ነጭ ካየሁ ወደ እኔ እየመጣ ነው፤ ቀይ ካየሁ እየሄደ ነው፤ ብርቱካናማው ብልጭ ድርግም ካለ ሊታጠፍ ነው። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው ቁጥር 48 የተሽከርካሪ መብራት ደንብም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ወደ ፊት ቀይ፣ ወደ ኋላ ነጭ እንዳይታይ የሚያዙት ለዚህ ነው።

አሁን ከሻንሲ ሥር ነጭ ብርሃን እየፈሰሰ የሚሄድ መኪና ከኋላ ሆናችሁ እዩት። ወደ ኋላ እየመጣ ይመስላል። ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ በብዙ አገር የፖሊስ ወይም የአምቡላንስ ቀለም ነው። ዝናብ ዘንቦ አስፋልቱ ከረጠበ ብርሃኑ መሬቱ ላይ ይንጣለልና መኪናው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለይም፤ የፍሬቻውም ብልጭታ እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

«ማጥፊያ አለው» ለእኔ መልስ አይደለም። ማጥፊያ ያለው ሁሉ አያጠፋም። ከስልክ እየታዘዙ ቀለም የሚቀያይሩት ደግሞ ለመታየት የተሠሩ ናቸው፤ ለመታየት የተሠራ ነገር ማንም በሌለበት ዱር ብቻ ይበራል? እኔ ሙሉ እገዳውን እደግፋለሁ።

ሜዳው፦
ሳይክለኛው ወንድሜ፣ በዚህ አያያዝ ጣሪያው ላይ ፓውዛ የገጠመም ሁሉ መታገድ አለበት። አንዳንድ ቦታ ሕጉ «መንገድ ላይ ስትወጡ ሸፍኑት» ይላል እንጂ «ንቀሉት» አይልም።

ሳይክለኛው፦
የጣሪያው መሸፈኑ ከሩቅ ይታያል። ሻንሲ ሥር ስምንት ቦታ የተበተነውን ማን ጎንበስ ብሎ ይሸፍነዋል? ማንስ ያጣራዋል?

ዳገት ወጪ፦
ሽቦው ያስከብረው ያልኩት ለዚሁ ነው። የማቀርበው ሐሳብ፦ የመብራቱ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) የሚነሳው «ሎው» የሚባለው ከባዱ የአራት ጎማ ማርሽ ሲገባ ብቻ ይሁን። በደረቅ አስፋልት ላይ በሎው የሚጓዝ ሰው የለም፤ መኪናው ራሱ አይፈቅድለትም፣ ሞተሩ እየጮኸ ይንፏቀቃል። ማርሹ ከሎው ሲወጣ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። የሾፌሩ ትዝታም ጨዋነትም አያስፈልግም።

ናስትሮ፦
የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ስለሆነ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አሠራሩ ግን የተባለውን ያህል ቀላል አይደለም።

በብዙ መኪኖች ላይ የሎው ማርሽ ስዊች ለዳሽቦርዱ መብራት ብቻ ሳይሆን ለኮምፒውተሩም ምልክት ይሰጣል። የአንድ ተራ ሪሌ ጥቅል (ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ) ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፔር ይስባል። ያን ያህል ከረንት በዚያ ቀጭን የምልክት ሽቦ ላይ ከጫናችሁ ኮምፒውተሩ ስህተት ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ማርሹ በእጅ ዘንግ የሚገባ ከሆነ ዘንጉ ሥር የራሱ ትንሽ ስዊች ይገጠምለት፤ የፋብሪካው ሽቦ አይነካ። በቁልፍ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የዚያን መኪና የሽቦ ንድፍ ማንበብ የሚችል ሰው ይሥራው።

የቀረውን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ክርክሩ ያለ ቁጥር ስለማይሄድ። እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ ስምንት መብራቶች 72 ዋት ናቸው፤ በ12 ቮልት 6 አምፔር ማለት ነው። ለዚህ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዙ ግን ባትሪው አጠገብ ይሁን! ፊውዙ መብራቱ ዘንድ ሆኖ ከባትሪ የሚነሳው ሽቦ መንገድ ላይ ሻንሲ ከነካ ምንም አይጠብቀውም፤ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ ይቃጠላል። ዋናው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ ከፊውዙ ወደ 30 ቁጥር፣ ከ87 ወደ መብራቶቹ፤ 85 እና 86 የጥቅሉ ናቸው።

መገጣጠሚያውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለሻንሲ ሥር ሥራ አይሆንም። ጭቃና ውኃ በአንድ ክረምት ይገባበታል። በፒንሳ ተጨምቆ፣ ሲሞቅ የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ጎማ ይልበስ። ሽቦው በፍሬን ቱቦ ላይ ወይም በጎማው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰር ሽቦ ላይ አይታሰር፤ ከማርሚታው ይራቅ። የሻንሲውን ከንፈር አትብሱ፤ ከፋብሪካ የመጡ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወይም በክላምፕ ይያዝ። በማግኔት የሚለጠፈው የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ሥራው ሲያልቅ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ አንዱን ጎማ ከፍ ባለ ነገር ላይ አውጥታችሁም ጎማው መብራቱን ወይም ሽቦውን እንደማይነካ እዩ።

ስለ ውኃም አንድ ነገር። መብራቶቹ ላይ የሚጻፈው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ፣ አይፒ 67፣ ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። በግፊት በሚረጭ ውኃ መታጠብን ይችላል ማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ፈተና ነው፣ አይፒ 69ኬ የሚባለው፣ በ80 ዲግሪ ውኃና ከ80 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት የሚደረግ። ሲሠራ ቆይቶ የጋለ መብራት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ጎማው ደካማ ከሆነ ውኃ ይስባል። የምትሻገሩት ወንዝ ካለ ሳትገቡ ቀደም ብላችሁ አጥፉት።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ ሙሉ እገዳን የምቃወምበት ምክንያት ይኸው ነው። የተከለከለ ነገር ተደብቆ ይገጠማል፤ ተደብቆ የተገጠመ ሽቦ የሚታወቀው ሲቃጠል ነው። ይፈቀድና በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ፊውዙም ሪሌውም ይታይ።

ሌሊት ነጂ፦
የናስትሮን ጽሑፍ አንድ ቃል ሳልተው ተቀብያለሁ። ዳገት ወጪን ግን እቃወማለሁ። የሎው ማሰሪያው የመብራቱን ግማሽ ጥቅም ይገድለዋል። ጎማ ፈንድቶ በጨለማ ክሪክ ስትዘረጉ፣ ከሥር ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ስትፈልጉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ፍሪ ላይ ነው። አሸዋ ላይም ብዙ ጊዜ የምንሄደው በቀላሉ የአራት ጎማ ማርሽ ነው። መብራቱ በብዛት የሚያስፈልገኝ ቆሜ ሳለሁ ነው፤ እናንተ ደግሞ ቆሜ ሳለሁ ትከለክሉኛላችሁ።

ዳገት ወጪ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። እንግዲህ ሁለት በር ይኑረው፦ ወይ ሎው፣ ወይ የእጅ ፍሬን። የእጅ ፍሬን ተይዞ የሚሄድ መኪና የለም።

ናስትሮ፦
ይሠራል። የእጅ ፍሬን ስዊች ላይም ያልኩት ጥንቃቄ አለ፤ የራሱ ስዊች ይሻለዋል። ሞተር ጠፍቶ ከበራ ደግሞ ባትሪውን አስቡ፦ 6 አምፔር የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ5 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያደርሰዋል። ለጥገና ሁለቱን መብራት ብቻ የሚያበራ የተለየ ማብሪያ ቢኖር ይመረጣል።

ቢጫ ብርሃን፦
ስለ ቀለም ያነሳው ሳይክለኛው ብቻ ነው፤ ለእኔ የክርክሩ ልብ እዚያ ነው። ነጭ ብርሃን፣ በተለይ 6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል) አካባቢ የሆነው ሰማያዊ ቃና ያለው፣ አቧራ ላይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። ቢጫ ይሁን። ወይም ቀይ፤ ቀይ የሌሊት ዕይታን ይጠብቃል።

ሌሊት ነጂ፦
ቢጫው ዓይንን እንደሚያሳርፍ እስማማለሁ። «አቧራን ሰንጥቆ ያልፋል» የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ የአቧራ ቅንጣት ከብርሃኑ ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም በእኩል ይበትናል። የተመለሰው ቢጫ ዓይን ላይ ስለሚቀል ነው የሚሻለን።

ቀይን በተመለከተ፦ ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ያንን ብዙም አያበላሽም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው። በቀይ ብርሃን ሥር ቀይ ዘይት ድንጋይ ላይ ቢንጠባጠብ አይታይም። ሥር ገብቼ የምፈልገው ነገር የማይታይበትን መብራት ለምን እገጥማለሁ? የእኔ ምርጫ 4000 ኬልቪን አካባቢ የሆነ፣ ፊቱ ብርሃን የሚበትን፣ ሞቅ ያለ ነጭ ነው።

ብዛትም እንደ ቀለም ያሳስበኛል። ሰዉ ስምንት፣ አሥር እየገጠመ ከሁሉም አቅጣጫ ያበራል። ከሁሉም አቅጣጫ የበራ መሬት ጥላ የለውም፤ ጥላ የሌለው ጉድጓድ ደግሞ ሜዳ ይመስላል። ጎማ የሚቀደደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ከአንድ ጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን የድንጋዩን ጥላ ስለሚጥል ጥልቀቱ ይታወቃል። በየፓራፋንጎው አንድ፣ በየዲፈረንሻሉ ጎን አንድ፣ ስድስት ይበቃል፤ የአምፖሉ ፊት ደግሞ ለሾፌሩም ለጠቋሚውም በቀጥታ እንዳይታይ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይዙር። ከመጠን በላይ ከበራ የዓይን ብሌን ይጠብና ከብርሃኑ ውጭ ያለው ገደል ጭራሽ አይታይም።

ሜዳው፦
ይህንን ሳነብ ባለ ብዙ ቀለሙ ለሥራ እንደማያስፈልግ ግልጽ ሆነልኝ።

ሳይክለኛው፦
እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር። የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤያለሁ፤ ሙሉ እገዳ ይሁን ያልኩትን በከፊል አነሳለሁ። በሎው ወይም በእጅ ፍሬን ብቻ የሚበራ፣ በምርመራ የሚታይ፣ ነጭ ወይም ቢጫ የሆነ መብራት የተገጠመበት መኪና አጠገቤ ቢያልፍ አይከፋኝም፤ ሲሄድ እንደማይበራ አውቃለሁና።

ቀለም የሚቀያይረው ላይ ግን ንቅንቅ አልልም። እናንተው እንዳላችሁት ለድንጋይ ሥራ አይጠቅምም፤ ሰማያዊና ቀይ የማውጣት አቅም ያለው ነገር መኪና ላይ ካለ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበራል። እሱ መግጠሙም ይከልከል።

አንድ ጥያቄም ቀርቶኛል። የእጅ ፍሬን ይዞ አስፋልት ዳር የቆመ መኪና መብራቱን ማብራት ይችላል ማለት ነው?

ዳገት ወጪ፦
ለጥገና ከቆመ አዎን። ከኋላ ለሚመጣው ሰው ነጭ እንዳይታየው ግን የኋለኛው ዲፈረንሻል መብራት ወደ ፊት ዞሮ ይገጠም፤ አደጋ አመልካች ሦስት ማዕዘኑና የፍሬቻው ብልጭታ እንዳሉ ሆነው። በባለ ብዙ ቀለሙ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፤ የመጀመሪያውን ሐሳቤን በዚህ አሻሽዬዋለሁ።

ሌሊት ነጂ፦
እኔ በዚህኛው አልስማማም። ጎማ የምቀይረው ኋላ ከሆነ ብርሃኑ ኋላ ነው የሚያስፈልገኝ። ወደ ፊት ከማዞር ይልቅ የቆርቆሮ ጋሻ ይደረግለት፤ መሬቱን ያብራ፣ ከመንገዱ ግን አምፖሉ አይታይ።

ናስትሮ፦
ጋሻው ይሠራል፤ ከሻንሲው በታች እንዳይወርድ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ድንጋይ ይነቅለዋል።