እናቴ በፍልሰታ ጾም ጊዜ መርከብ ላይ ምን ትብላ?

ሰላም ወገኖቼ፣ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። በመዝናኛ መርከብ ሄዶ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ጣሊያን ያለችው እህቴ እናታችንን በነሐሴ መጀመሪያ ሜዲትራኒያን ላይ ልታዞራት ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እማዬ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ቅቤም ወተትም እንቁላልም ዓሣም አትነካም፣ በዚያ ላይ ለውዝ ከቀመሰች ፊቷ ያብጣል።

ትኬት የቆረጠላቸው ወኪል ፎርሙ ላይ «ቬጀቴሪያን» ብሎ ሞላ። ይሄ አይሆንም፣ አይብና እንቁላል ይገባበታል። «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይበላ) መባል አለበት፣ የለውዙም ለብቻው ይጻፍ። እህቴ ስንሳፈር ለአስተናጋጁ እንነግረዋለን ትላለች፤ እኔ የማውቀው ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ለኩባንያው በጽሑፍ መድረስ እንዳለበት ነው።

በጣም የጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። ምግብ ቤቱ ከ9 በፊት ቢዘጋ ድርሻዋን ያስቀምጡላታል? ቡፌውን አላምነውም፣ ጭልፋው ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ይዘዋወራል። በሶና ቆሎ ብትይዝስ ያስገቡላታል ወይስ ፋብሪካ ያሸገውን ብቻ ነው?

እየጾመ የተጓዘ ሰው ካለ ማንን አነጋግሮ እንደተሳካለት ይንገረኝ። እማዬ ጾሟን ከምትሽር ጦሟን ብታድር ትመርጣለች፣ እኔ ደግሞ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም።