የ500 ዋት ኢንቨርተር ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? እሁድ ቡና ላይ ያወራነውን ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ማኅበራችን አንድ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ መስመር መብራት ኃይል የሚቀይር መሣሪያ) ራሱ ነድፎ ይሠራል፤ 500 ዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የጅማ ዝናብ መብራት ይዞ ሲሄድ ፀጉር ቤቱም ጭማቂ ቤቱም ሥራ እንዳይፈታ ነው። አንቀጽ 2 ላይ «ከ12 ቮልት ባትሪ፣ በአንድ ቡስት ሰርኪዩት» ብያለሁ፤ ቡስት ማለት ቮልቴጅ የሚያሳድግ ነው። እስቲ እዩት።

አባል፣ ሄርማታ፦
ጋሼ፣ አንቀጽ 2 ይቀየር እላለሁ። እኔ ሞክሬው አይቼዋለሁ። 220 ስንል የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ነው። ከ12 ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ዲዩቲ ሳይክሉ (ማብሪያው በርቶ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ) 0.96 መሆን አለበት። ሞስፌቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ማብሪያው፣ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ 96ቱን ያስተላልፋል፤ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) ያጠራቀመውን ለመስጠት የቀረው 4 ብቻ ነው። በወረቀት ያምራል። በተግባር የኮይሉና የሞስፌቱ ሬዚስታንስ ይበላዋል። እኔ ዲዩቲውን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ቮልቴጁ ጭራሽ ይወርድ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ሞስፌቱ ጧ አለ። ሽታው እስከ ማታ ከሱቄ አልወጣም።

ስለዚህ ሁለት ደረጃ እናድርገው። መጀመሪያ ፑሽ ፑል (ሞስፌቶች በተራ የሚሠሩበት ሰርኪዩት) ከፌራይት ትራንስፎርመር ጋር ሆኖ ወደ 350 ቮልት ዲሲ ያውጣው። ከዚያ ኤች ብሪጅ (ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚቀይሩ አራት ሞስፌቶች) እንደ መስመር መብራት ያለ ሳይን ሞገድ ይሥራ። ባትሪውም 24 ይሁን። በ85 በመቶ ብቃት 500 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልት 49 አምፔር ይሳባል፤ ከ24 ግማሹ ይበቃል። በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው።

አባል፣ ጅሬን፦
ዜድ ሶርስ የሚባለው ኢንቨርተርስ? ተመራማሪው ፋንግ ዠንግ ፔንግ ያመጣው ነው። ቮልቴጅ ማሳደጉንም ወደ ኤሲ መቀየሩንም በአንድ ደረጃ ይጨርሳል። የብሪጁ የላይና የታች ሞስፌት አብረው ቢያስተላልፉም አይቃጠልም።

አባል፣ ሄርማታ፦
ወንድሜ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ስሌቱን አብረን እንየው። ማሳደጊያው ሲጨምር ለሞጁሌሽኑ (ሞገዱን ለመቅረጹ) የሚቀረው ጊዜ ያንሳል። ከ24 ቮልት 311 ጫፍ ለማግኘት ብሪጁ ላይ 600 ቮልት ገደማ ያርፋል፤ በሁለት ደረጃው ግን 350 ይበቃል። መግቢያው ከፍ ያለ ቢሆን፣ ለምሳሌ ተከታትለው የተያያዙ የሶላር ፓነሎች ቢኖሩን፣ እኔው ቀድሜ እደግፍህ ነበር።

አባል፣ ጅሬን፦
ገባኝ። እንግዲያው ፑሽ ፑሉን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እኔ ልሥራው።

አባል፣ መርካቶ፦
የጭማቂ መፍጫ ሲነሳ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል። ይሄ ካልተጻፈ መጀመሪያ የሚቃጠለው ኤች ብሪጁ ነው።

ሰብሳቢ፦
እውነት ነው። አንቀጽ 2 እንዲህ ይነበብ፦ «24 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ደረጃ፣ ንጹህ ሳይን ሞገድ። ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የመፍጫው መነሻ አምፔር በክላምፕ ሜትር ይለካል።» ክላምፕ ሜትሩ፣ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ፣ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ።