ደብረ ብርሃን አካባቢ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ይበቅላል ወይ?

የባሶዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እኛ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገጠር ነን ገብስና ባቄላ ነው የምናመርተው። ትንሿ ልጄ 2 ዓመት ሊሞላት ነው ሽሮ በእንጀራ ብቻ ነው የምትበላው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ አለው ለአይንም ጥሩ ነው ስላለችኝ ጓሮ ልተክል አስቤ ነበር፣ ውርጩን ይችለው ይሆን?

የሮቢት ገበሬ፦ እህቴ እናንተ ጋ ባትደክሚበት ይሻላል፣ የኅዳር ውርጭ ባንድ ሌሊት ነው የሚጨርሰው። እኛ ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ስለሆነ ይሆናል፣ ሐረጉን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠን ነው የምንተክለው ከ4 እስከ 5 ወር ይደርሳል። ገበያ ስትወርጂ ኩልፎ ወይ ቱላ የሚባለውን ዝርያ ጠይቂ፣ ነጩ ቫይታሚን ኤው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጓሮ አትክልት፦ ለደጋ ካሮት ነው እንጂ! ቀላል ውርጭ ይችላል፣ እንደ ጎመን ችግኝ አይዛወርም እዛው ነው የሚዘራው። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ ውሃ ስለሚይዝ መደቡን ከፍ አድርጊው፣ ያልበሰለ ፍግ ደግሞ አትጨምሪ ሥሩ ይከፋፈላል። ከጎኑ ጎመንና ቆስጣ ጣል አድርጊ።

ነርስ ነኝ፦ ዋናው አበሳሰሉ ነው፣ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም ስለዚህ ካሮቱንም ጎመኑንም አብስለሽ ፍጪና ዘይት ወይ ቅቤ ጠብ አድርጊበት። እና እባክሽ እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አታውጪው፣ ለሷ አስቀሪላት፣ በሁዳዴም ቢሆን ስጫት የ2 ዓመት ልጅ ጾም የለባትም!! በየ6 ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታ ወስዳለች? ሲመሽ እየተደናበረች የምትሄድ ከሆነ ዳፍንት ሊሆን ስለሚችል ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

የባሶዋ እናት፦ ኧረ አይኗስ ደህና ነው እግዜር ይመስገን፣ ጠብታውን ግን አንዴ ነው የወሰደችው ነገ ጤና ኬላው እወስዳታለሁ። ከመስከረም በኋላ ዝናብ የለም፣ የእቃ ማጠቢያ ውሃ ለካሮቱ ይሆናል?

ጓሮ አትክልት፦ ሳሙና የበዛበት ካልሆነ ይሆናል፣ እስኪበቅል ግን ንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠዋት ጠዋት አጠጪ መደቡንም ሣር አልብሽው፣ ብቅ ሲል ሣሩን ታነሽዋለሽ። ዘሩን የታሸገና ቀኑ ያላለፈበት ግዢ የካሮት ዘር ሲቆይ አይበቅልም።