ኬብሉን ስነካው ውጤቱ ይቀየራል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ማራኪ ነው። ለመመረቂያዬ ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ የምትሠራ ሞኖፖል አንቴና ነድፌያለሁ። ሰሌዳዋ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤፍአር4 (የተለመደው የሰርኪዩት ሰሌዳ ቁስ) ነው፤ የክብሪት ቀፎ አታክልም።

በሲሙሌሽን ኤስ11 (ከአንቴናዋ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሲግናል፤ ዝቅ ሲል ይሻላል) በመላው ባንድ ከ-10 ዴሲቤል በታች ነው። ሠርቼ ስለካት ግን ከ4 ጊጋኸርዝ በታች -6 ላይ ትቀራለች። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ኬብሉን ከማያያዣው አጠገብ በጣቴ ስይዘው መስመሩ ስክሪኑ ላይ ይዋዥቃል፤ ስለቀው ይመለሳል። ከ6 ጊጋኸርዝ በላይ ግን ብይዘውም ባልይዘውም ንቅንቅ አይልም።

የመለኪያ መሣሪያውን ካሊብሬሽን (ማስተካከያ) ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ ብየዳውንም አደስኩ። ግራውንዱ (ሰሌዳዋ ላይ ያለው የመሬት መዳብ ንጣፍ) ስላነሰ ከረንቱ በኬብሉ ውጫዊ ሽፋን ላይ እየሄደ፣ ኬብሉ ራሱ እንደ አንቴና እየሠራ ይመስለኛል። ግራውንዱን 8 ሚሊሜትር ሳስረዝመው ይሻሻላል፤ ግን የደከምኩት ትንሽ እንድትሆን ነው፣ እሱን መተው ከበደኝ።

ያለኝ ፌራይት (ኬብል ላይ የሚገባ፣ በውጫዊ ሽፋኑ የሚሄደውን ከረንት የሚያፍን ቀለበት) ከአሮጌ የኮምፒውተር ኬብል የፈታሁት ነው። በ3 ጊጋኸርዝ ይጠቅመኛል? ወይስ ሲግናሉን ወደ አንቴናዋ ከሚያደርሰው መጋቢ መስመር ሥር ግራውንዱን ትንሽ ልሰንጥቀው? ኬብሉን ሲሙሌሽን ውስጥ ያስገባችሁ ካላችሁም ስንት ሴንቲሜትር እንደወሰዳችሁ ንገሩኝ፣ በእግዜር።